ሬዲዮው ይሠራ ነበር

ጥቅምት 4

ልብስ አጠብኩ። ፀሐይዋ ጠንካራ ስለነበረች እስከ ቀትር ደረቀ። አጥፌ ሳበቃ ሌላ የማመካኝበት ሥራ አጣሁና ስለ ባሌ የጀመርኩትን መጽሐፍ ልጽፍ ተቀመጥኩ። ሦስት መስመር። ሁለቱን ሰረዝኩ።

ልጄ ከመድኃኒት ቤቷ ስትመለስ እዚያው ወንበር ላይ አገኘችኝ።

«እማዬ፣ ዛሬም ኮረብታው ላይ ነሽ?»

ኮረብታው ላይ ነኝ። አባቷ ከነጦሩ ከዚያ ከወረደ ሃያ ስድስት ዓመት ሆነው። ከሞተም ሦስት ዓመት ሊሞላው ነው። እኔ ገና አልወረድኩም።

ጥቅምት 9

የባሌ አለቃ የነበረውን የጄኔራሉን መጽሐፍ እንደገና ገለጥኩት። ለምን እንደምገልጠው አላውቅም፤ በቃሌ ነው የምወጣው። ስለ ባሌ ያለው አንድ አንቀጽ ብቻ ነው። «የኮረብታው አዛዥ ነፍሱን ለማዳን ሲል፣ እኔን ሳያነጋግር፣ ትእዛዝ ሳይጠብቅ ጦሩን ይዞ ወረደ።»

ነፍሱን ለማዳን! ወርዶስ ምን ነፍስ ተረፈለት? ሻለቃነቱን ገፈፉት፣ አሰናበቱት። ቀሪ ዕድሜውን መኪና መንዳት ሲያስተምር ኖረ። ተማሪው ግንብ ሊገጭ ሲል እንኳ ድምፁን ከፍ አያደርግም ነበር። «ቀስ በል፤ ግንቡ የትም አይሄድም።»

አብረውት የወረዱት ሁሉ የሚሉት አንድ ነው። «ትእዛዝ መጣ፣ ወረድን።» አንድም ሰው ሌላ ነገር ብሎኝ አያውቅም። እንግዲህ ያዘዘው ጄኔራሉ ነው። ኮረብታው ጠላት እጅ ሲገባ ጊዜ ካደ። የምጽፈውም ይህንኑ ነው።

ባሌ ራሱ ስለዚያ ቀን አይናገርም ነበር። መርማሪዎቹ ፊት ቀርቦ «የምለው የለኝም» ብሎ ወጣ። ከቢሮ ቢሮ የዞርኩት እኔ ነኝ። ማመልከቻ ስጽፍ እያየ ጫማውን ይቦርሻል። ጆሮ ዳባ ልበስ ሲሉኝ ውዬ ስመለስ ሻይ ያፈላልኛል። ጨዋነት ነው እል ነበር። አለቃውን ማጋለጥ ስላልፈለገ...

ጥቅምት 17

ምንም። ወገቤ።

ጥቅምት 23

ባለከዘራው መጣ። የቀድሞ መኮንኖች ማኅበር ሊቀመንበር ነው፤ ከባሌ ጋር ባንድ ኮርስ የተመረቀ። ሠላሳ ዓመት «አንተ» ስለው ኖሬ፣ ሊቀመንበር ከሆነ ወዲህ «አንቱ» ካላልኩት ይከፋዋል። ስለዚህ ሁለቱንም ትቼ «ኮሎኔል» እለዋለሁ።

ብርቱካን ይዞ ነው የመጣው። ብርቱካን ሲይዝ ነገር አለው ማለት ነው።

«ጄኔራሉን አገኘሁት። እንደምትጽፊ ሰምቷል።»

«ማን ነገረው?»

«እኔ ነኛ! ማን እንዲነግረው ነበር?»

ከዘራውን ወንበሩ ላይ አንጠለጠለ። ነገሩን ቀስ እያለ አመጣው። ጄኔራሉ አርጅቷል። ሰው ነው፣ መታረቅ ይፈልጋል። አንድ ነገር ብቻ ብንስማማ ለመጽሐፌ መቅድም ይጽፋል፤ ምረቃው በማኅበሩ አዳራሽ ይሆናል፤ ማኅበሩም የባሌን ማዕረግ ያስመልስለታል። መቃብሩ ላይ «ሻለቃ» ተብሎ ይቀረጻል። በቀብሩ ጊዜ የከለከሉን ቃል።

«አንድ ነገር ምንድነው?»

«ሬዲዮው ተበላሸ።»

«የምን ሬዲዮ?»

«የኮረብታው! ሬዲዮው ተበላሽቶ ነበርና መገናኘት አልቻሉም። አለቀ። ያኛው አዝዞ ካደ አይባል፣ ይኼኛው ትእዛዝ አልጠበቀም አይባል። ሬዲዮ ነው። ሬዲዮ ደግሞ ዘመድ የለው፣ ማን ይቀየማል?»

ሳቅኩ። እሱም ሳቀ። አስብበታለሁ አልኩት።

ምኑን አስባለሁ? ደክሞኛል እኮ። እሱ ከሄደ በኋላ ሁለት ብርቱካን ላጥኩ... ጣፋጭ ነበር። እውነት ለመናገር ቀለል አለኝ።

ኅዳር 2

ጻፍኩት። በአንድ ቀን አለቀ። ለዓመት ያስቸገረኝ ምዕራፍ፣ ሬዲዮው ሲበላሽ ጊዜ በራሱ ተጻፈ።

ልጄ ኮምፒውተሯ ላይ ስትገለብጥ ቆየችና ቀና አለች።

«ምኑ ነው የተበላሸው?»

«ሬዲዮው ነዋ።»

«እሱንማ አነበብኩ። ምኑ? እኔ ዘንድ የሚመጣ በሽተኛ እንኳ 'አመመኝ' ብቻ አይልም፣ የቱ ጋ እንደሆነ ያሳያል። እንዲህ ከተጻፈ ሰው አያምንሽም።»

እውነቷን ነው። የሚያውቅ ሰው ልጠይቅ።

ኅዳር 6

መናኸሪያ ሄድኩ። የባሌ መገናኛ ሠራተኛ፣ ሬዲዮውን የሚሸከምለት የነበረው ወታደር፣ ዛሬ እዚያ ነው የሚሠራው። የአውቶቡስ መነሻ በድምፅ ማጉያ ይናገራል። ስሙን የሚያውቅ ያለም አይመስለኝ፤ ጥበቃውም ሻይ ሻጯም «ሬዲዮ» ነው የሚሉት። የብረት ደረጃ ተወጥቶ አንዲት የመስታወት ክፍል አለችው። ማይክሮፎን፣ አንድ ወንበር፣ መስኮቱ ላይ ለፀሐይ የተለጠፈ ካርቶን።

«እትዬ! ምነው በሰላም?» ብሎ ወንበሩን ለቀቀልኝ። ከቀብሩ ወዲህ አልተያየንም።

ነገሩን ከመጀመሪያው አስረዳሁት። መጽሐፉን። ማኅበሩን። ብዕር አወጣሁ።

«እና ምኑ ነበር የተበላሸው? ባትሪው ነው?»

«የምን ባትሪ?»

«የሬዲዮው።»

«የየትኛው ሬዲዮ?»

«የእናንተው ነዋ! ኮረብታው ላይ የተበላሸው።»

ፊቱ ተለዋወጠ። ማይክሮፎኑን ከፈተ። «የአምስት ሰዓት ተሳፋሪዎች፣ በር ሁለት። ዕቃ ሳታስጭኑ እንዳትገቡ።» ዘጋው።

«ማነው ተበላሸ ያለው?»

«ማኅበሩ ነው... ለሁሉም ይሻላል ተብሎ...»

«ለሁሉም? ለእኔስ? እትዬ፣ ያን ሬዲዮ በጀርባዬ ተሸክሜው ነው የኖርኩት። ሲዘንብ እኔ እርሳለሁ እንጂ ሸራዬን ለእሱ ነው የማለብሰው። እኔ ተበላሽቼ አውቃለሁ። እሱ ተበላሽቶ አያውቅም!»

ያን ጊዜ ነው የበራልኝ፤ በራልኝ ነው ያልኩት ለራሴ። ከወንበሩ ተነሳሁ።

«ይሠራ ነበር? እንግዲያው ትእዛዙ ሲመጣ ሰምተሃል! ይሄን የመሰለ ምስክር አውቶቡስ ሲጠራ እየዋለ እኔ በየቢሮው...»

ዓይኑን ከእኔ አነሳ።

«እትዬ፣ ይተዉት።»

«ምኑን ነው የምተወው?»

«በር ሦስት፣ በር ሦስት፣ ሊነሳ ነው» አለ በማይክሮፎኑ።

ወደ ታች አየሁ። በር ሦስት ላይ አውቶቡስ አልነበረም።

ኅዳር 9፣ እሁድ

ሬዲዮ መጣ። ኮት ለብሶ። የወንበሩ ጫፍ ላይ ተቀመጠ። ሻይ ሰጠሁት፣ ሳይጠጣው ቀዘቀዘ። ልጄ ተረኛ ስለነበረች ብቻችንን ነን።

ያለውን ሳልረሳ ልጻፈው።

«ውሃ ካለቀብን ሁለተኛ ቀናችን ነበር። ቁስለኞቹ ድንጋይ ይልሳሉ፣ ጤዛ አለው እያሉ። ሻለቃ መስመር ጠየቀኝ፣ ጄኔራሉን አገኘሁለት። ማዳመጫው እሱ ጆሮ ላይ ነው። ግን ጄኔራሉ ሲናገር ማዳመጫ አያስፈልግም፣ ሸለቆው ሁሉ ይሰማዋል።»

«ውረዱ አለው።»

«አላለውም፣ እትዬ። 'ያዙ' ነው ያለው። 'አንድ ሰው እስኪቀር ያዙ። እርዳታ መንገድ ላይ ነው።' ሻለቃ 'የት ደርሷል?' ብሎ ጠየቀ። 'ያዙ ብያለሁ!' አለው። ሻለቃ ማዳመጫውን መለሰልኝና 'ዝጋው' አለኝ። 'ጥሪው አላለቀም' አልኩ። 'ዝጋው።' ዘጋሁት። ከዚያ ብድግ አለና ለሰዉ 'ትእዛዝ መጥቷል፣ ቁስለኛ አንሱ፣ እንወርዳለን' አለ። ሰው ሁሉ አመነ። ማን እሱን አያምንም?»

የቀዘቀዘውን ሻይ ከፊቱ አነሳሁ።

«ለምን ዋሻቸው?»

«ወታደር ታዝዞ ከወረደ አይጠየቅም። ያዘዘው ነው የሚጠየቀው። አንድ ሰው ብቻ እንዲጠየቅ ነዋ። እየወረድን 'አንተም አልሰማህም' አለኝ። እሺ አልኩ። መርማሪዎቹም ሲጠይቁኝ ማዳመጫው እሱ ጆሮ ላይ ነበር አልኩ። ውሸት አይደለም እኮ... ሆዴ ይፍጀው ብዬ ይኸው።»

ተነሳ፤ ሊሄድ መስሎኝ ነበር። ተመልሶ ተቀመጠ።

«ሌላም አለ። በስተቀኛችን ጉብታ ላይ የኛው ሰዎች ነበሩ። እኛ ስንለቅ ጎናቸው ተከፈተ። ሻለቃ ሰው ልኮላቸው ነበር፣ እየወረድን ነው፣ እናንተም ውረዱ ብሎ። አዛዣቸው ያለ ትእዛዝ አልነቃነቅም አለ። ጥቂት ናቸው የተረፉት።»

«እሱ ይህን ያውቅ ነበር?»

«እንዴት አያውቅ?»

«ለእኔ ምነው አልነገረኝ?»

«እኔም ነግሮኝ አይደለም፣ እትዬ። እዚያ ስለነበርኩ ነው የማውቀው።»

ኅዳር 10

አልተነሳሁም። ልጄ የሙቀት መለኪያ ይዛ መጣች። ትኩሳት የለኝም። ተናድጄ ነው። የሞተ ሰው ላይ መናደድ ምን ያደርጋል? ሙት ወቃሽ... ግን ያን ሁሉ ዓመት! «ባሌ ትእዛዝ ጥሶ አያውቅም» ብዬ የፈረምኩበት ወረቀት ቢደረደር ቤት ይሠራል። ጎኔ ተቀምጦ ጫማ ይቦርሻል!

ተይው ብሎኝ ያውቃል? ብሎኛል። አንዴ አይደለም። «ተይው፣ ይደክምሻል።» ለእኔ አዝኖ መስሎኝ...

ኅዳር 15

ለልጄ ነገርኳት። እራት በልተን ሰሃን እያጠበች ነበር። ውሃውን ዘጋችው።

«ስለዚህ ጄኔራሉ ልክ ነው?»

«ግማሹን። ነፍሱን ለማዳን የሚለው ውሸት ነው። ሳያነጋግረኝ የሚለውም ውሸት ነው። አነጋግሮታል። የከለከለው ራሱ ጄኔራሉ ነው።»

«ግን አባዬ ጥሷል።»

«ጥሷል።»

«ዋሽቷልም።»

«ዋሽቷል።»

«ያኛው ጉብታ ላይም...»

«አዎ።»

በፎጣው እጇን ጠረገች። ደጋግማ።

«እማዬ፣ የሬዲዮውን አትሚውና ይብቃን። እኔ ጀግና አባት አልፈልግም። የእገሌ ልጅ ስባል ዞሮ የሚያየኝ እንዳይኖር ብቻ ነው የምፈልገው። መቃብሩ ላይ ማዕረጉ ይጻፍለት፣ ይረፍ። አንቺም እረፊ።»

ምን ልበላት? እኔስ የምፈልገው ሌላ ነው?

ኅዳር 20

ሬዲዮ ደወለ። ከኋላው የአውቶቡስ ጡሩንባ ይሰማል።

«እትዬ፣ የፈለጉትን ይጻፉ። ታዝዞ ነው ቢሉም አልቃወምም፣ አልሰማሁም እላለሁ፣ ለምጄዋለሁ። ብቻ ተበላሸ አይበሉ።»

«ምን ለውጥ አለው?»

«ተበላሸ ከተባለ ሻለቃ የወረደው ግራ ገብቶት ነው ማለት ነው። ግራ አልገባውም። አይቼዋለሁ።»

ኅዳር 28

ግራ አልገባውም።

ይቺን ስንት ጊዜ አሰብኳት። ታዝዞ ወረደ ካልኩ አንድ ታዛዥ ሰው ነው። ሬዲዮው ተበላሸ ካልኩ አንድ ግራ የገባው ሰው ነው። ሁለቱንም አላውቃቸውም። እኔ ያገባሁት ሰው ማዳመጫውን መልሶ ዝጋው የሚል ነው። እቤትም እንዲሁ ነበር... ክርክር አይወድም። ይሰማሽና፣ ያሰበውን ያደርግና፣ ሻይ ያፈላል።

ታኅሣሥ 3

ምዕራፉን ከመነሻው ጻፍኩት። ትእዛዙ «ያዙ» እንደነበር። እንደሰማ። እንደጣሰ። ሰዎቹን እንደዋሸ፣ ለምን እንደዋሸም። ጉብታውንም ጻፍኩ። ጉብታው አራት ቀን ፈጀብኝ። ሦስቴ «ሆኖም» ብዬ ጀመርኩ፤ ሆኖም ሰው ልኮላቸው ነበር፣ ሆኖም አዛዣቸው እምቢ አለ... «ሆኖም»ን አወጣሁት። የሆነውን ብቻ አስቀመጥኩ።

ልጄ ገለበጠችው። ሲያልቅ ግንባሬን ሳመችኝና ልትተኛ ገባች።

ታኅሣሥ 7

ለባለከዘራው ምዕራፉን ልኬለት ነበር። መጣ። ብርቱካን አልያዘም።

«ባልሽን በገዛ እጅሽ ልትከሺው ነው?»

«አልከሰስኩትም።»

«ትእዛዝ ጥሷል ብለሽ በመጽሐፍ! ጠላቱ እንኳ እንዲህ አልጻፈበትም። ጄኔራሉ ፈሪ አለው፣ አንቺ ደግሞ ወንጀለኛ አደረግሽው።»

«የቱ ይሻላል፣ ኮሎኔል?»

ከዘራውን ወለሉ ላይ መታ። ዓይኑ እንባ ያቀረረ መሰለኝ፤ ወይ ንዴት ነው። ይወደው ነበር፣ አልክድም። «አዳራሹ ቀረ። መቅድሙም ቀረ። መቃብሩም እንዳለ ይቆያል» አለ። ደረጃውን ሲወርድ አየሁት። እርጅና ተጫጭኖታል። ደግፎ የሚያወርደው ሰው ባገኝለት ብዬ አሰብኩ፣ እንዲያ እየጮኸብኝ።

ታኅሣሥ 11

ጄኔራሉ ራሱ ደወለ። ድምፁን አላወቅኩትም። ሸለቆ የሚሞላ ድምፅ ሲሉኝ ኖሬ፣ የሚሰማኝ እንደ ወረቀት የሚንኮሻኮሽ ነገር ነው።

«ወይዘሮ፣ ለሁለታችንም ሬዲዮው ይሻል ነበር።»

«ለሁለታችሁ ነዋ። ለሬዲዮኛውስ?»

አልገባውም። ቀጠለ። ያኔ ያልነበረ ሰው አይፈርድም። ጦርነት በየሰው ፈቃድ አይመራም። አንድ ኮረብታ ሲለቀቅ ሌላው ይለቀቃል። አላቋረጥኩትም፤ ስለ ጉብታው እውነቱን ነው። ሲጨርስ አንድ ነገር ጠየቅኩት።

«እርዳታው የት ደርሶ ነበር?»

«የቱ?»

«መንገድ ላይ ነው ያሉት።»

የሚተነፍሰው ይሰማኛል።

«እርዳታ አልነበረም» አለ። «ሌላ የምሰጣቸው ነገር አልነበረኝም። ተስፋ ሰጠኋቸው።»

«ባሌም ገብቶት ነበር።»

«ገብቶት ነበር» አለ። ደህና ዋይ እንኳ ሳይለኝ ዘጋው።

መጽሐፌ ውስጥ ይህን አልጨመርኩም። ለእኔ የነገረኝ ነው። እንደ እሱ ያለ ሰው ስንት ሰው አለው፣ ይህን የሚነግረው?

ጥር 19

መጽሐፉ ወጣ። ቀጭን ነው። ምረቃ የለም። ሬዲዮ አምስቱን ወስዶ መናኸሪያ ላለችው ሻይ ሻጭ ሰጣት፤ ከብስኩቱ አጠገብ ደርድራ ትሸጣለች። አንዱን በማይክሮፎን ሊያስተዋውቅ ሲል ኃላፊው ገሠጸው አሉ።

ልጄ ዛሬ ከሥራ መጥታ፣ «አንዱ ደንበኛዬ፣ አባትሽ ማን እንደነበር አንብቤያለሁ አለኝ» አለች።

«ምን አልሽው?»

«መድኃኒቱን ከምግብ በኋላ ውሰድ አልኩት።»

ሁለታችንም ሳቅን። ከስንት ጊዜ በኋላ።

ጥር 30

መቃብሩ ጋ ሄድኩ። ስሙ ብቻ ነው ያለው። አረሙን ነቀልኩ። ብዙ ነገር ልለው አስቤ ነበር... ቀዝቃዛው መሬት ጉልበቴን አሳመመኝ። ተመለስኩ።

የካቲት 14

ጠዋት በር ተንኳኳ። የእኔ እኩያ ሴት። ሻርፗን እስከ ግንባሯ አውርዳለች፣ መጽሐፉን በክንዷ ሥር ይዛለች።

«ወንድሜ ጉብታው ላይ ነበር» አለች። ሰላምታም አላስቀደመችም።

ግቢ አልኳት። ገባች። ወንበር አሳየኋት፣ አልተቀመጠችም። ብዙ አስባ፣ ብዙ አጥንታ የመጣች ናት፤ አውቀዋለሁ፣ እኔም ቢሮ ስሄድ እንዲያ ነበርኩ።

«ባልሽ ትእዛዝ ጥሷል።»

«አዎ።»

«እሱ ቢቆይ ወንድሜ ይተርፍ ነበር።»

«ይሆናል።»

«ይሆናል አይደለም! ይተርፍ ነበር!»

አፌ ላይ የመጣ ብዙ ነበር። ውሃ አለመኖሩ። ቁስለኞቹ። መልእክተኛው። የወንድሟ አዛዥ። ሁሉም መጽሐፉ ውስጥ አለ፣ አንብባዋለች። ለመጣላት የያዘችው ቃል ሁሉ አፏ ላይ ቀረ፤ የሚመልስላት ሰው አጣች። ተቀመጠች።

ስለ ወንድሟ ነገረችኝ። ከብት ሻጭ ሊሆን ይፈልግ እንደነበር፣ ሲተኛ እንደሚያወራ። ሰማኋት። ሻይ አፈላሁ፤ ጠጣች፣ ስኳር አነሰው አለች፣ ጨመርኩላት።

ስትነሳ በሩ ጋ ቆመች።

«ፎቶው አለሽ? እስቲ ፊቱን ልየው።»

መንጃ ፈቃዱ ላይ የነበረችውን አመጣሁላት፤ ትንሿን። ወደ ብርሃኑ አዙራ አየችው። ዘለግ ላለ ጊዜ።

«እንዲህ ቀጭን ነው እንዴ?» አለች።

ያን ሰሞን ታሞ ስለነበር ነው፣ ያለዚያማ ደልደል ያለ ሰው ነው፣ ልላት አፌን ከፈትኩ። ይህም «ሆኖም» ነው፤ ተውኩት።

«አዎ» አልኳት። «ቀጭን ነበር።»